ፊት የማይታይበት ፎቶ ይቅርብን
በትንሽ ካሜራ ጥሩ ፎቶ ለማንሣት የሚረዱ ምክሮች

በዚህ እትም ስለ ፎቶ ጥቂት እንጨዋወታለን። «የውሃና የራሽን ችግር እያለ ደግሞ ስለ ፎቶ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስቲ መጀመሪያ አንድ ነገር እናጫውታችሁ፤ ከዚያ በኋላ ፍርዱ የእናንተ ነው።

እዚሁ ካኩማ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ነበር። ያረፉት ሰው ሰፈሩ ሁሉ «አባባ» እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። እንደ ባህላችን ፎቷቸው ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ ተፈለገ። ልጆቻቸው የካሜራውን ካርድም ስልኮቹንም አገላበጡ። ፎቶ ሞልቷል። ሠርግ ላይ አሉ፣ ክርስትና ላይ አሉ፣ ጥምቀት ላይ አሉ። ግን በአንደኛው እኩለ ቀን ላይ ተነሥተው የባርኔጣቸው ጥላ ከቅንድባቸው በታች ያለውን ሁሉ አጨልሞታል። በሁለተኛው ከኋላቸው ሰማዩ ቦግ ብሎ ፊታቸው ከሰል መስሏል። በሦስተኛው ማታ በፍላሽ ተነሥተው፣ ከፊት የቆመው ሕፃን ወረቀት መስሎ እሳቸው ከኋላ ጨለማው ውጧቸዋል። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ከመታወቂያቸው ላይ በስልክ የተቀዳ የደበዘዘ ፎቶ ነበር። ውጭ አገር ያለችው ልጃቸው ደውላ «የአባቴ ዓይን የሚታይበት አንድ ፎቶ ብቻ ላኩልኝ» ስትል ቤቱ ውስጥ መልስ የሚሰጣት ሰው ጠፋ።

ያ ቤተሰብ ካሜራ አልቸገረውም። ፎቶውን ያበላሸው ሰውየው የቆሙበት ቦታና ብርሃኑ የመጣበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፋችን ባጭሩ ይህን ይላል፦ ካሜራችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ብርሃኑ የት እንዳለ እዩ፤ የሰውየውንም ፊት ወደ ብርሃኑ አዙሩ። ሌላው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

አሮጌ ካሜራ ይበቃል ወይ?

በደንብ ይበቃል። ዛሬ ብዙው ሰው በስልኩ ነው የሚያነሣው፤ ስልክ ስለበዛም ርካሽ ትንንሽ ካሜራ የሚሠሩት ኩባንያዎች አብዛኞቹ ሥራውን ትተዋል። ሆኖም ከዘመድ የተላከ ካኖን፣ ኒኮን፣ ሶኒ ወይም ኮዳክ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። «ይሄ እኮ 5 ሜጋፒክስል ብቻ ነው» ብላችሁ አትናቁት። በተለመደው መጠን፣ ማለትም 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ጥርት ያለ ፎቶ ለማሳተም 2 ሜጋፒክስል ያህል በቂ ነው። ፍላሹና ዙሙም ከብዙ ስልኮች ይሻላል። በስልክ የምታነሡም ብትሆኑ ስለ ብርሃን የምንለው ሁሉ ለእናንተም ይሠራል።

ካሜራ እንዴት ያያል?

የእኛ ዓይን ብልህ ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ከኋላው ፀሐይ ቢሆንም ፊቱን እናየዋለን። ካሜራ ግን እንደዚያ አይችልም። ከፊቱ ያለውን ብርሃንና ጨለማ ይደምርና በአማካይ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ከሰውየው ኋላ ሰማይ ወይም የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ካለ ካሜራው «ብርሃኑ በዛብኝ» ይልና ሁሉንም ያጨልመዋል። ሰማዩ ያምራል፣ ፊታችን ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው «እኛ ጥቁሮች ስለሆንን ፎቶ አይወጣልንም» ሲል ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። ጥፋቱ የቆዳችን ሳይሆን የአነሣሡ ነው። በፊልሙ ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይሰጠው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበር ያለበት፤ «ሸርሊ ካርድ» ይሉት ነበር። ቀለሙ የሚስተካከለው በእሷ ፊት ነበርና ጥቁር ሰው በዚያ መለኪያ ቢጨልም ምን ይገርማል? ዛሬ በእጃችን ባለው ካሜራ ግን ይህን ራሳችን ማስተካከል እንችላለን።

የካኩማ ፀሐይና ሰዓቱ

ካኩማ ከምድር ወገብ 4 ዲግሪ እንኳ አትርቅም። ስለዚህ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። (ሰዓቱን የምንጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ስዋሂሊውም እንደኛው ስለሚቆጥር ከጎረቤት ጋር አንጣላም።) ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ አናታችን ላይ ትሆናለች። ፀሐይ ከአናት ስትመጣ ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፣ ዓይን ግን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የአባባ ፎቶ የተበላሸውም በዚሁ ነው።

ስለዚህ ውጭ ፎቶ ለማንሣት ጥሩው ጊዜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላም ከ11 ሰዓት እስክትጠልቅ ድረስ ያለው ነው። ያን ጊዜ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፣ ለስለስ ይላል፣ ዓይንም ውስጥ ይገባል። የሚነሣው ሰው ግን ፀሐይዋን ፊት ለፊት እንዲያይ አታስገድዱት፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፊቱንም ያጨማድዳል። ትንሽ ወደ ጎን ይዙር፤ ብርሃኑ ጉንጩን ይንካው።

ከሁሉ የሚሻለው ስቱዲዮ በራችሁ ነው

ብዙ ሰው ፎቶ ለመነሣት ወደ ፀሐዩ መሐል ይወጣል። እናንተ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። የቤታችሁን በር ክፈቱ። ሰውየው ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ ይበልና ፊቱን ወደ ውጭ ያዙር። እናንተ ከውጭ ሆናችሁ ከ2 ሜትር ያህል አንሡት፤ ብርሃኑን በሰውነታችሁ እንዳትጋርዱበት ብቻ ተጠንቀቁ። ፀሐይዋ በሩን ፊት ለፊት የምትመታበት ሰዓትም መሆን የለበትም። ያን ጊዜ ከውጭው መሬት የሚመለሰው ብርሃን ፊቱን በእኩል ያበራዋል፣ የቤቱ ውስጥ ከኋላው ጥቁር መጋረጃ ይሆንለታል። የቤቱ ዕቃ ተዝረክርኮ ቢሆን እንኳ አይታይም! ለሽማግሌዎች ደግሞ በርጩማ አስጠጉላቸው። «እማማ፣ እስቲ ወደ በሩ ጠጋ ይበሉ፤ ወደ እኔ ይዩ» ከተባሉ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ከዚህ ጋር የሚሄዱ አራት ነገሮች አሉ።

1. የቤት ጥላ ከዛፍ ጥላ ይሻላል። በኒም ዛፍ ሥር ብርሃኑ በቅጠሉ መሐል እየሾለከ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሠራል። ዛፍ ሥር ካነሣችሁ ጥላው ያልተበሳበትን ቦታ ፈልጉ።

2. የሸራውን ቀለም ተጠንቀቁ። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠ ሰው ፊቱም ሰማያዊ ይሆናል። ቀለም የተቀባ ግድግዳም እንደዚሁ ነው።

3. ነጭ ነገር ብርሃን ይመልሳል። ፊቱ በአንድ በኩል ጨለማ ከሆነ አንድ ሰው ነጭ አንሶላ፣ ጋቢ ወይም ነጭ ሸራ ዘርግቶ በጨለማው በኩል ጠጋ አድርጎ ይያዝለት። ጨለማው ሲቀንስ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የከተማ ፎቶ ቤቶች በዣንጥላ የሚሠሩት ሥራ ይኸው ነው።

4. ባርኔጣ ይውለቅ፣ ሻሽም ከግንባር ትንሽ ከፍ ይበል። ደስ የማይላቸው ከሆነ ግን ይቅር፤ በዚያ ፈንታ አገጫቸውን ጥቂት ቀና ያድርጉ።

እኩለ ቀን ላይ ግድ ሲሆን

ሠርግ ሰዓት አይመርጥም፣ ታቦትም «ብርሃኑ ይለስልስ» ተብሎ አይጠበቅም። በጠራራ ፀሐይ ግድ ማንሣት ካለባችሁ ፍላሹን አብሩት። «በቀን ፍላሽ?» አዎ፣ በቀን! ካሜራው በራሱ አያበራውም፤ በመብረቅ ምልክት ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሁልጊዜ የሚበራውን ምረጡ። ከ2 ሜትር ገደማ ካነሣችሁ ፍላሹ ዓይን ሥር ያለውን ጥላ ይጠርገዋል። ከኋላቸው ሰማይ ላለ ሰዎችም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

ነጠላ የለበሱ ሰዎች

ይህ በተለይ የእኛ ጉዳይ ነው። ለበዓል ሁላችንም ነጭ እንለብሳለን። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ፎቶውን ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊታችንም ይጠቁራል። መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት (+/-) ያለበት ቁልፍ ነው። በብዙ ካሜራዎች ላይ ይህ ቁልፍ የሚሠራው «አውቶ» ከሚለው ወጥታችሁ «ፒ» የሚለውን ፊደል ስትመርጡ ነው። ከዚያ ቁጥሩን ወደ +0.7 ወይም +1 ከፍ አድርጉት። ፊቱ ይበራል። ግን አታብዙት፤ የነጠላው ጥለትና የቀሚሱ ጥልፍ ከነጩ ጋር ተቀላቅሎ መጥፋት ከጀመረ አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። በሌላ በኩል ግድግዳውም ልብሱም ጥቁር ከሆነ ካሜራው ያበዛዋልና ወደ -0.3 ወይም -0.7 መቀነስ ነው። ስትጨርሱ ቁጥሩን ወደ 0 መመለስ እንዳትረሱ! ብዙ ሰው ረስቶት የሚቀጥለውን ቀን ፎቶ በሙሉ ያበላሻል።

ማታ ማታ

የትንሽ ካሜራ ፍላሽ ጉልበቱ እስከ 3 ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው 1 ሜትር ላይ ያለው ሕፃን ነጭ ሆኖ፣ ከኋላው 3 ሜትር ላይ ያሉት አያት የሚጠፉት። መላው ቀላል ነው፤ የሚነሡትን ሰዎች ከካሜራው እኩል ርቀት ላይ በአንድ ረድፍ አስቀምጧቸው። አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ ያለውን ሰው ከኋላ ወንበር ሆኖ በፍላሽ ማንሣት ግን ባትሪ መጨረስ ነው።

ፍላሹ በጣም ከበዛ አንድ ድርብ ቀጭን ሶፍት ከፊቱ ያዙበት፤ ይለሰልሳል። ቡና ተፈልቶ እጣን ሲጨስ ደግሞ ፍላሽ አታብሩ፤ ጭሱ ነጭ ደመና ሆኖ ፊታቸውን ይሸፍነዋል። አቧራ ያለበት ንፋስም እንደዚሁ ነጫጭ ክብ ነጥቦችን ያመጣል።

ያለ ፍላሽ በፋኖስ ወይም በሶላር መብራት ማንሣት ሲፈለግ አይኤስኦ የሚባለውን ቁጥር እንጠቀማለን። ይህ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው። ቀን ላይ 100 ወይም 200 ይበቃል፤ ቤት ውስጥ 400፣ ማታ 800 ማድረግ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ምክንያቱም በእነዚህ ካሜራዎች ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ከትንሿ ጣት ጥፍር የሚያንስ ነው። መብራቱን ከሰውየው ኋላ ሳይሆን ከፊቱ፣ ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። ካሜራውን በርጩማ ወይም ጄሪካን ላይ አስደግፉና የ2 ሰከንዱን ሰዓት ቆጣሪ አብሩ፤ እጃችሁ አይነካውምና አይንቀጠቀጥም። የሚነሣውም ሰው እስኪያልቅ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጥ።

የሚደበዝዘው ለምንድነው?

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ችኮላ ነው። የማንሻው ቁልፍ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ በግማሽ ተጫኑት፤ ካሜራው ፊቱ ላይ አነጣጥሮ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል ወይም ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ጣታችሁን ሳታነሡ እስከ መጨረሻው ተጫኑ። ክንዳችሁን ከጎናችሁ አስጠጉ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ካሜራውን በሁለት እጅ ያዙ።

ዙምን በተመለከተ፣ ሌንሱ ራሱ የሚወጣና የሚገባበት ዙም ጥሩ ነው። ከዚያ አልፎ የሚመጣው «ዲጂታል ዙም» ግን ፎቶውን ቆርጦ ማስፋት ብቻ ስለሆነ ዝጉት። ለፊት ፎቶ በጣም አትጠጉ፤ አፍንጫ ይተልቃል። 2 ሜትር ራቁና ዙሙን ጥቂት ሳቡት። ሲመሽ ግን ዙሙን መልሱት፤ ሌንሱ በተሳበ ቁጥር የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል። የአበባ ምልክት ያለው ቁልፍ ለቅርብ ነገር ብቻ ስለሆነ ሰው ስታነሡ መጥፋቱን አረጋግጡ።

ካሜራውንና ፎቶውን መጠበቅ

የእነዚህ ካሜራዎች ትልቁ ጠላት አሸዋ ነው። ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ አንዲት ፍሬ አሸዋ ከገባችበት ይንቋረራል፣ በዚያው ይቆማል። ስለዚህ በላስቲክ ከረጢት አስራችሁ አስቀምጡ፤ ንፋስ ሲነሣ አትክፈቱት። ሌንሱን በቀሚስ ጫፍ አትጥረጉ። መጀመሪያ አቧራውን አራግፉ፣ ከዚያ በንጹሕ፣ ስስና ያረጀ የጥጥ ጨርቅ በቀስታ ጥረጉት። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ ያለ ቦታ ላይ አትስቀሉት፤ ሙቀቱ ባትሪውን ይገድለዋል። ሚሞሪ ካርድ ስትገዙም ካሜራውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በጣም የቆዩ ካሜራዎች ከ2 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ ላያነቡ ይችላሉ።

ካርድ ይበላሻል፣ ስልክ ይጠፋል። የምትወዱትን ፎቶ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። አንዱን ገበያ ወጥታችሁ አሳትሙት። ከጀርባው ስሙን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ዛሬ ሁላችን የምናውቀውን ሰው ከ20 ዓመት በኋላ የልጅ ልጅ «ይሄ ማነው?» ማለቱ አይቀርም።

ሳይፈቀድ አይነሣም

በመካከላችን ፊቱ ቢታወቅ ችግር የሚያገኘው ሰው አለ፤ ከየት እንደመጣን አንረሳም። ስለዚህ ሰው ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ልጅ ከሆነ ወላጁን ጠይቁ፤ ፎቶውን ለሌላ ከመላካችሁ በፊትም እንደገና ጠይቁ። የፖሊስ ቦታ፣ ቢሮና ራሽን የሚታደልበት ቦታ ያለ ፈቃድ አይነሣም። መታወቂያና የጉዳይ ወረቀት ከበስተኋላ እንዳይታይም ተጠንቀቁ።

በመጨረሻም

ውድ አንባብያን፣ ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ወዲህ እዚህ የተወለዱ ልጆች ራሳቸው ልጆች ወልደዋል። ብዙዎቻችን ስንሰደድ የአባቶቻችንን ፎቶ ይዘን አልወጣንም። ያላወጣነውን ማምጣት አንችልም፤ አሁን አብረውን ያሉትን ግን ማስቀረት እንችላለን።

እንግዲህ የቤት ሥራ እንስጣችሁ። በዚህ ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ በሰፈራችሁ ካሉት ሽማግሌዎች ወደ አንዱ ቤት ሂዱ። ቡና አስፈልጡ፣ ጨዋታ ያዙ። ከዚያ በርጩማውን ወደ በሩ አስጠጉና ሦስት ፎቶ አንሡ። ስታነሡ ካሜራው ላይ አጉልታችሁ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ ዓይናቸው ይታያል ወይ? በዓይናቸው ውስጥ ትንሽ የብርሃን ነጥብ ካያችሁ ፎቶው ጥሩ ነው። ካላያችሁ ትንሽ ወደ ብርሃኑ አዙሯቸውና ድገሙት። አንድ ቀን የሆነች ልጅ ከሩቅ አገር ደውላ ስትጠይቅ የሚላክላት ይኖራል።

በሰላም ያገናኘን።